የሌሊት መባነን፣ የደም ኦክስጅንና የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ በደጋ አገር

በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ትንፋሹ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቆም ሕክምናው አፕኒያ ይለዋል። ትንፋሹ ጨርሶ ሳይቆም እየሳሳ ሄዶ የደሙን ኦክስጅን ዝቅ ካደረገ ወይም ሰውየውን ካባነነው ደግሞ ሃይፖፕኒያ ይባላል። ጥቂት ጊዜ ቢሆን ጤነኛም ሰው ላይ ይታያል። በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመላለስ ግን ስም ያለው ሕመም ነው፤ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ በሐኪሞች አፍ ስሊፕ አፕኒያ። እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት ሬስፒራቶሪ ሜዲስን መጽሔት የወጣ ግምት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 425 ሚሊዮኑ መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ ላይ እንደደረሱ ያመለክታል። አብዛኞቹ አያውቁትም። ሕመሙ የሚመጣው ባለቤቱ ራሱን በማያውቅበት ሰዓት ስለሆነ እንዴትስ ሊያውቁት?

የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለችው ገፈርሳ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው በብርድ በሚንጫጫበት ጊዜ፣ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ተኝተዋል እንበል። የባልየው ማንኮራፋት ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ይጨምራል፤ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል። ጋቢው አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደረትና ሆዱ እየታገሉ ነው፤ በአፍንጫውም በአፉም ግን አየር አይወጣም፣ አይገባም። ሚስትየው በልቧ መቁጠር ትጀምራለች። ሃያ ላይ ስትደርስ ክርኗን ልታሳርፍበት ታስባለች። ሃያ አምስት ላይ እንደ መታነቅ ያለ ድምፅ ያወጣና አንዴ በኃይል ያንኮራፋል፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ ይገላበጥና መልሶ ይተኛል። ከደቂቃ በኋላ ያው ነገር እንደገና ይጀምራል። ጠዋት ሲነገረው «እኔ? እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ ምንም አያስታውስም።

ነገሩ የሚፈጠረው ጉሮሮ ላይ ነው። ከማንቁርት በታች ያለው የአየር ቧንቧ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የለስላሳ አጥንት ቀለበቶች ደግፈውታል። ከማንቁርት በላይ እስከ አፍንጫ ጀርባ ያለው መንገድ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ የለውም፤ ምላስ፣ ላንቃ፣ እንጥል፣ ቶንሲልና ዙሪያውን የከበቡት ጡንቻዎች ናቸው። ለመዋጥና ለመናገር እንደልቡ መተጣጠፍ ስላለበት ለስላሳ ሆኖ ተፈጥሯል፤ ክፍት ሆኖ የሚቆየውም ጡንቻዎቹ ወጥረው ስለሚይዙት ነው። እንቅልፍ ሲመጣ ይህ ውጥረት ይላላል። በጀርባው የተኛ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንገቱ ዙሪያ ስብ የተከማቸ ከሆነ ደግሞ ስቡ ከውጭ ይጫናል። በጠበበው መንገድ የሚያልፈው አየር ላንቃንና እንጥልን ያርገበግባል፤ ማንኮራፋት የምንለው ይህንን ነው። መንገዱ ጨርሶ ሲገጥም ድምፁም አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ ከማንኮራፋቱ ይልቅ የሚያስፈራው መሐል ላይ የሚመጣው ዝምታ ነው፤ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ አረፈ» የሚልበት ቅጽበት።

በዝምታው ጊዜ ሳንባ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን እያለቀ፣ የተቃጠለው አየር ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ይሄዳል። አንጎል ይህን ሲሰማ እንቅልፉን ለጥቂት ሰከንድ ይሰብረዋል፤ ጡንቻዎቹ ይወጠራሉ፣ ጉሮሮ ይከፈታል፣ አየር ይገባል። መባነኑ ሰውየውን የሚያተርፈው ነው ማለት ነው። ክፋቱ ይህ በአንድ ሌሊት በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም መቻሉ ላይ ነው። በእያንዳንዱ መባነን የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ልብ ይፈጥናል፣ አድሬናሊን ይለቀቃል። ሰውየው ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ቆይቶ ሲነሳ ራሱ ከብዶት፣ አፉ ደርቆ፣ ሌሊቱን ሸክም ሲያወርድ ያደረ ይመስላል። ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎች ከሌላው ጊዜ በበለጠ ይላላሉ፤ ይህ ክፍል ደግሞ የሚረዝመው ወደ ንጋት ስለሆነ ብዙ ሰዎች ላይ የሚብሰው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ከእነዚህ መባነኖች ጥቂቶቹ ብቻ ሙሉ ለሙሉ መንቃት ይሆናሉ፤ ሰውየውም ለነቃበት ሌላ ምክንያት ይሰጠዋል። በብዛት የሚሰጠው ምክንያት ሽንት ነው። እውነትም ሽንቱ ይመጣል፤ የተዘጋ ጉሮሮን ለመክፈት ደረት ሲታገል ልብ ይወጠራል፣ የተወጠረ ልብ ደግሞ ኩላሊትን ሽንት እንዲያበዛ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። በሌሊት ሦስት ጊዜ የሚነሳ አዛውንት ፕሮስቴቱን ይወቅሳል፣ እናት ደግሞ ስኳሯን ትወቅሳለች። አንዳንዴ ሁሉም ልክ ነው፤ አንዳንዴ ግን መንስኤው ጉሮሮ ሆኖ ሳለ ለዓመታት የሚመረመረው ሽንት ብቻ ነው።

ሌላው ምክንያት ዱካክ ነው። «ሌሊት ዱካክ ተጫነኝ» የሚል ሰው የሚናገረው በሕክምና በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው፤ አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ይነቃል፣ ዓይን ይገለጣል፣ እጅና እግር ግን ለሰከንዶች ወይም ለአንድ ሁለት ደቂቃ አይታዘዙም፤ ደረት ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስላል፣ ጥላም ሊታይ ይችላል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች በተለይ ባልቃሙበት ሌሊት ዱካክ እንደሚበረታባቸው ይናገራሉ። በዱካክ ጊዜ ትንፋሽ አይቆምም፤ ሰውየውም ሁሉን ያስታውሳል፣ መንቀሳቀስ ግን ያቅተዋል። በትንፋሽ መቆራረጥ ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውየው ይወራጫል፣ አየር ይሻማል፣ አብዛኛውን አያስታውሰውም። የተቆራረጠ እንቅልፍ ዱካክን ሊያበዛ ስለሚችል ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙም ይታያል። ዱካክ ይዞታል ተብሎ ጠበል ብቻ የሚወሰድ፣ ሌሊት የሚያንኮራፋና ቀን የሚያንጎላጅ ሰው ከጠበሉ ጎን ሐኪምም ቢያየው ምንም አይጎዳውም።

ከኮቪድ ወዲህ ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ከሆስፒታል ወጥታ ብዙ ቤት ገብታለች። አሠራሯን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያሰበው ታኩኦ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። መለኪያዋ ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ታሳልፋለች፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝና ሳይዝ ሁለቱን ብርሃኖች የሚውጠው በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ ከልዩነቱ ተነስታ ከመቶ ስንቱ እንደተሸከመ ታሰላለች። ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ሰውየው ይባንናል፣ ይቀመጣል፣ መብራት ያበራል፣ መለኪያዋን ከመሳቢያ ፈልጎ ጣቱ ላይ ያደርጋል፤ 94 ያነባል። ይህ ቁጥር የነቃና አምስት ስድስት ጊዜ በደንብ የተነፈሰ ሰው ቁጥር ነው። ከደቂቃ በፊት 80 ደርሶ ቢሆን እንኳ መለኪያዋ አታወራውም። እንዲያውም ጣት ከልብ ሩቅ ስለሆነ ዝቅታው እሷ ላይ የሚታየው ትንፋሽ ከተመለሰ በኋላ፣ ሰከንዶች ዘግይቶ ነው። ለዚህ ሕመም የሚጠቅመው ሌሊቱን ሙሉ ጣት ላይ አድሮ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። የሕመምተኛው መዝገብ እንደ መጋዝ ጥርስ ይታያል፤ ወረድ፣ ወጣ፣ ወረድ፣ ወጣ። ሐኪም የሚያየው የጥርሱን ብዛትና ጥልቀት ነው።

ቁጥሩን ለማንበብ ደግሞ ሰውየው የሚኖርበትን ከፍታ ማወቅ ያስፈልጋል። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያቀርቡት አንዱ የሆነው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሱሉልታ ከዚህም ትበልጣለች፤ ሰበታ ከሁለቱም ዝቅ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ቆላው 21 ከመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። በቆላ የተጻፈ መመሪያ «ከ95 በታች ከሆነ ተጠንቀቁ» ቢል፣ ገፈርሳ ውስጥ ነቅቶ ተቀምጦ 93 የሚያነብ ጤነኛ ጎልማሳ ሳይታመም ሊደነግጥ ነው። ከ92 እስከ 96 ያለ ቁጥር በዚህ ከፍታ ብዙ ጊዜ የአገሩ ነው። ነቅቶ፣ ጣቱ ሞቆ፣ ደጋግሞ ከ90 በታች የሚያነብ ሰው ግን ከፍታውን ማመካኘት የለበትም።

የኢትዮጵያ ደገኛ በዚህ ረገድ በዓለም ሳይንስ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ ከእነሱም መካከል ኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድኅን፣ በሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ በምትገኘው አምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ደም ለክተው ውጤቱን አሳተሙ። የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 ከመቶ ነበር፤ ሄሞግሎቢናቸውም በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፤ ሁለቱም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን አብዝተው ነው፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ እንዳለ ይኖራሉ። ጥናቱን ከጻፉት አንዱ ኪንግማን ስትሮል የእንቅልፍ ትንፋሽ ሐኪም መሆኑም ያለ ነገር አይደለም፤ የከፍታና የእንቅልፍ ጥያቄ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነው። ይህ ውጤት ግን ለሁሉም የሚሠራ ሽፋን አይደለም። ገፈርሳና አጠገቧ ባለችው ቡራዩ የሚኖረው ሕዝብ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ተወልዶ ባለፈው ዓመት ቡራዩ ቤት የሠራ ሰው የአምባራስን ገበሬ ሳንባና ደም ይዞ አልመጣም።

ከፍታው በሌላ መንገድም ይገባበታል። ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን የሚይዝበት መስመር ቢሳል ላይኛው ጫፍ ሜዳ፣ ከ90 በታች ደግሞ ገደል ይመስላል። 98 ላይ ሆኖ ለ20 ሰከንድ ትንፋሹ የቆመ ሰው ሜዳው ላይ ትንሽ ይንሸራተታል። 92 ላይ ሆኖ ለዚያው 20 ሰከንድ የቆመበት ግን ከገደሉ አፋፍ ስለጀመረ ይወድቃል። ጉሮሮ የመዘጋቱ ነገር ቆላና ደጋ ባይለይም ዋጋው በደጋ ይበልጣል፤ ሞጆ ሲኖር የማይሰማው ሕመም ሱሉልታ ሲገባ ጎልቶ ሊወጣ ይችላል።

ስለ መለኪያዋ ጥቂት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። በብርድ የደነዘዘ ጣት ደም ስለማይደርሰው የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ጣትን አሽቶ ማሞቅ ይቀድማል። የጥፍር ቀለም ብርሃኑን ያግዳል፤ እንሶስላ ወይም ሂና የሞቀች ሴትም ቀለም ያልነካው ጣት ብትመርጥ ይሻላል። ከዚህ የሚከብደው የቆዳ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሆስፒታሎች ላይ የተሠራ ጥናት መለኪያው ደህና ቁጥር እያሳየ ከደም ሥር በተቀዳ ደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ዝቅ ያለ ሆኖ የተገኙት ሰዎች ድርሻ በጥቁር ሕሙማን ዘንድ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። ጠቆር ላለ ቆዳ መሣሪያዋ አንዳንዴ ደግ ቁጥር ትሰጣለች ማለት ነው፤ ሰውየው እያቃተተ ቁጥሯ 93 ቢል ሰውየውን ማመን ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ከሰል። የገፈርሳ ክረምት ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ቡና የተፈላበት ከሰል ሳይጠፋ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ከሰሉ የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ሁለት መቶ ጊዜ ያህል በበለጠ ይጣበቃል። የጣት መለኪያዋ ይህን ጋዝ የተሸከመ ደም ኦክስጅን ከተሸከመው አትለየውም፤ ሰውየው እየታፈነ 98 ልታነብ ትችላለች። ሌሊት ራሱን እያመመውና እያቅለሸለሸው የባነነ ሰው፣ በተለይ አብረውት የተኙትም እንዲሁ ካላቸው፣ መለኪያ ፍለጋ አንድ ሰከንድ ማጥፋት የለበትም፤ በሩን ከፍቶ ልጆቹን ይዞ ይውጣ። እያንዳንዱ ክረምት ከሰል ቤተሰብ የሚወስድበት አገር ስለሆነ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህ አንቀጽ መታወስ ያለበት ነው።

ሌሊት በትንፋሽ እጥረት የሚያባንን ሁሉ የጉሮሮ መዘጋት አይደለም። ልቡ የደከመ ሰው ሲጋደም ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም ከተኛ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ታፍኖ ይነሳል፤ መስኮት ይከፍታል፣ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል፣ ትራስ እየደራረበ መተኛት ይለምዳል፣ እግሩ ያብጣል። የልብ ቁርጥማት ወጣቶችን በሚያጠቃበት አገር ይህ የአዛውንት ሕመም ብቻ አይደለም፤ ምርመራውም ለነገ አይባልም። አስም ያለበት ሰው ወደ ንጋት በሳልና በሲርሲርታ ይባንናል። ማታ አምሽቶ ጥብስ በልቶ ወዲያው የተኛ በቃር ታንቆ ይነሳል፤ ጉሮሮው ላይ የሚያቃጥልና የሚመር ነገር ይሰማዋል። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት ሌሊቱን ያጓድላል፤ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ደግሞ ነገሩን ያባብሳል፤ አልኮል ቶሎ ያስተኛና የጉሮሮን ጡንቻ ከእንቅልፉ በላይ ያላላዋል። ሲተኛ የማያንኮራፋ ሰው ጠጅ ጠጥቶ ባደረ ሌሊት የሚያንኮራፋው ለዚህ ነው።

ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንጎል «ተንፍስ» ማለትን የሚረሳበት ሌላ ዓይነት የትንፋሽ መቆራረጥም አለ፤ ደረትና ሆድ ሁለቱም ጸጥ ይላሉ። በልብ ድካም፣ ከስትሮክ በኋላ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል። ለልምምድ ከባሕር ዳርቻ አገር ሱሉልታ የሚመጣ ሯጭም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይገጥመዋል፤ ኦክስጅን ሲያንሰው አብዝቶ ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ይጨርሰዋል፣ ያ ሲያልቅ አንጎል የመተንፈስ ምክንያት ያጣና ለጥቂት ሰከንድ ያርፋል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሰውነት ከፍታውን ሲለምድ ይቀንሳል።

ማንን መጠርጠር ይገባል? በቶሮንቶ የማደንዘዣ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ስምንት ጥያቄ ያለው መጠይቅ እዚህ ላይ ይረዳል። በር ተዘግቶ እንኳ የሚሰማ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ሌላ ሰው ያየው የትንፋሽ መቆም፣ የደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የአንገት ዙሪያ፣ ወንድ መሆን። ከእነዚህ ሦስት ወይም አራቱን «አዎ» ያለ መካከለኛ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ያለ ከፍተኛ ጥርጣሬ ውስጥ ነው። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ አልገጥም ያለው ሰው ሜትር ሳይፈልግ ግማሹን ያውቀዋል። መጠይቁ ግን ሴቶችን ያሳልፋል። ሴት ብዙ ጊዜ የምትናገረው ስለ ማንኮራፋት ሳይሆን ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ጠዋት ራስ ምታትና ስለ ድባቴ ነው፤ ማንኮራፋት ነውር ስለሚመስላትም ትደብቀዋለች። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አደጋው ይጨምራል። መንጋጋው ትንሽና ወደ ኋላ የገባ ቀጭን ሰውም ከዚህ ሕመም ነፃ አይደለም።

በገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ይገኛልና ይህም መጠቀስ አለበት። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ በርካታ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ጨምረው ክብደት ያመጣሉ፤ የሚያስተኙ መድኃኒቶች ደግሞ ጉሮሮን ያላላሉ። ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ታካሚ «መድኃኒቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሌሊት የሚያንኮራፋ ከሆነ ግን ሌላ ሊታከም የሚችል ነገር ሊኖርበት ይችላል። መድኃኒቱን በራስ ማቆም አይገባም፤ ለሐኪሙ መንገር ነው።

በልጆች ላይ መልኩ ይለያል። ያበጠ ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለ አዴኖይድ መንገዱን ይዘጋል፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ ያልበዋል፣ ካቆመ በኋላ እንደገና አልጋው ላይ ይሸናል። ቀን እንደ ትልቅ ሰው አያንቀላፋም፤ ይልቁንም ይቅበጠበጣል፣ ትምህርት አይገባውም፣ «ባለጌ» ይባላል። ብዙዎቹ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም በሚደረግ ቀዶ ሕክምና በጣም ይሻላቸዋል። ይህ ሕፃናት እንጥላቸውን በባህላዊ መንገድ ከሚቆረጡበት ልማድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አምጥቶ ልጅ ሊገድል ይችላል፤ የሚዘጋውን ቶንሲልም ሆነ አዴኖይድ አይነካውም።

ሳይታከም የቆየ ሕመም ደም ግፊትን ያመጣል፣ ያለውንም ለመድኃኒት እንዳይገዛ ያደርጋል፤ ሦስት ዓይነት የግፊት ኪኒን እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰው እንዴት እንደሚተኛ ሊጠየቅ ይገባል። የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክና የስኳር መጠን መናርም ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። ሌላውን ሰው የሚነካው ጉዳት ግን መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ፣ አምቦና ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ገፈርሳን አቋርጦ ያልፋል፤ የጭነት መኪና ሌትና ቀን ይመላለስበታል። ይህ ሕመም ያለበት ሹፌር የመኪና አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከሌላው ሹፌር ሁለት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ጥናቶች ያሳያሉ። የሹፌሩን እንቅልፍ ከሚስቱ በላይ የሚያውቀው ጋቢና ውስጥ አብሮት የሚያድረው ረዳቱ ነው። «ጋሼ፣ ሌሊት ትንፋሽህ ቆመ» ብሎ የሚነግር ረዳት ሊቆጡት የማይገባ ሰው ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከዚህ ምስክርነት ነው። የሚስት፣ የልጅ፣ የረዳት ወሬ፤ ከተቻለ ደግሞ ሁለት ሦስት ሌሊት በስልክ የተቀረጸ ድምፅ ወይም ቪዲዮ፤ ደረቱ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ የጠፋበት ግማሽ ደቂቃ ለሐኪም ከረጅም ትረካ ይበልጥበታል። ሙሉው ምርመራ በእንቅልፍ ላቦራቶሪ የአንጎል ሞገድን፣ የዓይንና የጡንቻ እንቅስቃሴን፣ ትንፋሽን፣ ኦክስጅንንና ልብን ሌሊቱን ሙሉ መመዝገብ ነው። ውጤቱ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቆራረጠ ይቆጥራል፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በኢትዮጵያ እንደልብ አይገኝም። የሳንባ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ራሱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስለዚህ ከቡራዩ ጤና ጣቢያ የሚነሳ ታካሚ ብዙ ጊዜ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል፤ እዚያም ትንፋሽንና ኦክስጅንን ብቻ ሌሊቱን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ለብዙዎች በቂ መልስ ይሰጣል።

ሕክምናው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጨካኝ ነበር፤ ለከባዱ ሕመም የነበረው መፍትሔ ጉሮሮን ከታች በስቶ ቱቦ ማስገባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በሲድኒ ኮሊን ሱሊቫን የተባለ ሐኪም በአፍንጫ ጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮን ከውስጥ ወጥሮ መያዝ እንደሚቻል በአምስት ሕመምተኞች ላይ አሳየ። ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ይህ ነው። ኦክስጅን አይሰጥም፤ የክፍሉን አየር በግፊት ያስገባል። የሚሠራውም በተጠለቀበት ሌሊት ብቻ ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ሰውየው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ባትሪው፣ ስለ ጭምብሉ መለዋወጫና መሣሪያው ከፍታን ራሱ የሚያስተካክል መሆኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ ገንዘቡን ያድናል። ለሌሊት መታፈን የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻ ቤት ማስገባት ግን ትክክለኛ መንገድ አይደለም። ቁጥሩን ያሻሽል ይሆናል፤ የተዘጋውን ጉሮሮ አይከፍትም፣ አንዳንዴም ሰውነት ቶሎ እንዳይባንን አድርጎ መዘጋቱን ያስረዝመዋል።

መሣሪያ ለማይገዛ፣ ወይም ሕመሙ ቀላል ለሆነ ሰው የሚረዱ ነገሮች አሉ። በጎን መተኛት ለብዙዎች ግማሹን ያቃልላል፤ በጀርባው የሚገለበጥ ሰው የሌሊት ሸሚዙ ጀርባ ላይ ኪስ አሰፍቶ የተጠቀለለ ካልሲ ቢከትበት ሰውነቱ ራሱ ይመልሰዋል። የራስጌውን የአልጋ እግር በጣውላ ከፍ ማድረግ ትራስ ከመደራረብ ይሻላል፤ ብዙ ትራስ አንገትን አጥፎ ጉሮሮውን ያጠብበዋል። ከመኝታ በፊት አልኮል መተው፣ የተዘጋ አፍንጫን ማከም፣ ክብደት መቀነስ። ከሰውነት ክብደት አንድ አሥረኛውን እንኳ መቀነስ የመቆራረጡን ቁጥር በግልጽ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ቲርዜፓታይድ የተባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸው ለዚህ ሕመም ታካሚዎች ፈቅዷል፤ ዋጋው ለብዙ ሰው ገና የማይደረስበት ነው። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይዞ የሚያድር፣ በጥርስ ሐኪም የሚሠራ መሣሪያም ቀላልና መካከለኛ ሕመም ላለበት ይጠቅማል።

የቶሮንቶው መጠይቅ የተዘጋጀው ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሰዎች ነበር። ማደንዘዣና ከቀዶ በኋላ የሚሰጥ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሁለቱም ጉሮሮን ያላላሉ፣ አንጎልንም ያደነዝዛሉ፤ ሕመሙ ያለበት ታካሚ በተለይ በመጀመሪያው ሌሊት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ለሐሞት ጠጠርም ይሁን ለእንቅርት ቀዶ የሚገባ ሰው ማንኮራፋቱን፣ ሚስቱ የቆጠረችውን 25 ሰከንድና ሲፓፕ ካለው እሱን ጭምር ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ይናገራል፤ ባለሙያውም ያን ሌሊት ወደ ተራ ክፍል ሳይሆን ኦክስጅኑ ሌሊቱን ሙሉ ወደሚታይበት አልጋ ይወስደዋል።